የቀረችው ቃል

ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሱንታ፣ የዊስቲን እኅት፣
ሠላሳ ስምንት ዓመት የጠመኔ አቧራ የዋጥኩ፣ በሸውኪያ ትምህርት ቤት።
ዜማው ግን የልጅቷ ነው፤ የወንድሜ ልጅ የናዛሬና፣
ከጀልባው ሞተር የቀዳችው፣ በርሜል ላይ ተቀምጣ፣ በስድስት ዓመቷ ገና፣
አባቷ ገመድ ሲወረውር፣ ማዕበሉ ሲቆጣ ሲዝናና።

ሕጉ ሦስት ደቂቃ ነው። አንዲት ሰከንድ አይጨምርም።
እንደ ሙሽራ ቀሚስ ለክቼ ሰፋሁት፤ ትርፍ ክር አልነበረውም።
የጻፍኩት በእኛው ልሳን ነው፤
ባሕር ባሕር ነው በእኛ አፍ፣ ደምም ደም፣ ዓይንም ዓይን ነው፣
ሞትም ያው ሞት ነው፤ አናቆላምጠውም፣
የቤት ስም አናወጣለትም።

ከቫሌታ አንድ ሰው መጣ፤ ጫማው የሚያበራ፣ ፎርቱናት የሚባል፣
"ቆንጆ ነው" አለኝ፣ "ሱንታ፣ ግን ማን ይሰማዋል?
አውሮፓ የሚያለቅሰው በእንግሊዝኛ ነው፤
ቃልሽ ይከብዳል። ይቅለል፤ ያኔ ይበርራል።"
ቀለለ።
እንደ ገለባ ቀለለ።
ከስቶክሆልም ሁለት ጎረምሶች መጥተው እንደ ላምፑኪ ዓሣ ዘረጉት፣
አጥንቱን ነቅለው ጣሉት፣
ከበሮ ጎሰጎሱበት፣ ርችት ለኮሱበት፤
ሲጨርሱ አንዲት ቃል ብቻ ቀረችልኝ፤ ባሕር።
"ትሁን፤ ለቅመም" አሉኝ፣ "ለደሴቲቱ ክብር።"

ያን ቅዳሜ ማታ አደባባዩ ጢም አለ፤
የሙዚቃ ክበቡ ወንበር አልበቃ ብሎ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አግዳሚ ታከለ።
ለስክሪን የተሰቀለው የእኔ አንሶላ ነው፤ ካውያ መሃሉን የለበለበው፣
ናዛሬና ግዙፍ ሆና ስትወጣ፣ ጠባሳው ጉንጯ ላይ ዋለ።
ዘፈነች። እሳቱ ነደደ።
የሰው ጫማ እንደተዋሰ ሰው፣ እየተጠነቀቀች ረገጠች።
ከዚያ "ባሕር" ስትል
ሰዉ ብድግ ብሎ ጮኸ፣ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ፤
ዊስቲን አልጮኸም። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ፣
ሬሳ በመንገድ ሲያልፍ እንደሚያደርገው ሁሌ።

ቆጠራው መጣ። አገር በአገር ተጠራ።
እከክልኝ ልከክልህ ነው ነገሩ፤ ጎረቤት ለጎረቤቱ ሲራራ።
እኛን ማን ይከክልን? ዙሪያችን ባሕር፤
ባሕር ድምፅ አለው እንጂ፣ ድምፅ አይሰጥም።
ዜሮ።
ዜሮ።
የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ሊቆጥርልን የዘረጋውን ጣት ኪሱ ከተተ።
እኩለ ሌሊት ሲያልፍ፣ ባሕር የሌላት አንዲት አገር፣ በተራራ የታጠረች፣
ሁለት ነጥብ ሰጠችን።
ምን ሰምታ ይሆን? እስካሁን አስባለሁ፤
ከዚያ ሁሉ ጩኸት የትኛዋን ቃል ነጠለች?
ሃያ አራተኛ ወጣን።
ፎርቱናት "ዕጣ ነው" አለ በስልክ፤
ድምፁ እንደ ጫማው አያበራም።

ማክሰኞ ጠዋት ቺርኬዋ ወደብ ተቀበልኳት። አበባ የያዘ ሰው የለም፤
ከቲማቲም መኪናና ከሚያስመልሰው አንድ ሕፃን በቀር ማንም።
ሰው ሠራሹ ሽፋሽፍት ከግራ ዓይኗ ገና አልተላቀቀም።
ዊስቲን "መጣሽ" አላት፤ ገመዱን ፈታ፤ ሌላ አልተናገረም።

ኮሚኖን ስናልፍ፣ የጀልባውን አጥር ይዛ ጀመረችው፤
የእኔን፣ የመጀመሪያውን፣
አጥንቱ ያልተነቀለውን።
አመል ነውና ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ደቂቃ ከሃያ፤ ሕጉን ጥሳ አለፈች፣
መብራት ያጠፋባት የለም።
ስንኝ በስንኝ፣ አንዳች ሳትስት ወረደች፤
እዚያች ቃል ላይ ስትደርስ ግን ዝም አለች።
ባሕር አላለችም፤
በአገጯ ወደ ውኃው አመለከተች።

መወጣጫው ወረደ። ምጃር ደረስን።
የቲማቲሙ ሾፌር ጡሩንባውን ነፍቶ
"መንገድ አትዝጉ" አለን።